መጤ ተምች ምንድን ነው?

በበቆሎ ማሳ ውስጥ ትል ሆኖ የምናገኘው መጤ ተምች የአንዲት የእሳት እራት ልጅ ነው። እናትየው በቆሎ አትበላም። ማታ ማታ እየበረረች ከአበባ ጣፋጭ ፈሳሽ ትቀስማለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች። ሰብሉን የሚጨርሰው ልጇ ነው። ይህን ማወቅ በጣም ይጠቅማል፤ ትልቁን ትል ብቻ እየፈለገ የሚዋጋ ገበሬ ሁልጊዜ አርፍዶ ነው የሚደርሰው።

ሳይንሳዊ ስሙ ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፐርዳ ይባላል። የትውልድ ቦታው ሞቃታማው የአሜሪካ አህጉር ነው። አፍሪካ ውስጥ መገኘቱ የተነገረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ነው፤ ናይጄሪያ፣ ቤኒንና ቶጎ ላይ። በዓመቱ፣ በ2017፣ በአገራችን ሸካ ዞን የኪ ወረዳ ውስጥ በበቆሎ ላይ ታየ። ከዚያማ ማን ያስቁመው! በ2018 ሕንድ፣ በ2019 ቻይና፣ በ2020 አውስትራሊያ ደረሰ።

ይህን ሁሉ አገር ያዳረሰው በክንፉ ነው። የእሳት እራቷ ነፋስ ከረዳት በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ልትበር ትችላለች። ውርጭ ግን አይሆንላትም። አሜሪካ ውስጥ ብርዱን የምታልፈው እንደ ደቡብ ፍሎሪዳና ደቡብ ቴክሳስ ባሉ ሞቃት ቦታዎች ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ሲመለስ እንደገና ወደ ሰሜን ትጓዛለች። በእኛ ቆላ ግን የሚያቆማት ውርጭ የለም። የመስኖ በቆሎ ካገኘች በበጋም ትባዛለች።

ተምች ለኢትዮጵያ ገበሬ አዲስ አይደለም። የድሮው የአፍሪካ ተምች የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ጠባያቸው ግን ይለያያል። የድሮው ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን አረንጓዴ ነው። ሲበዛና ሲጨናነቅ ይጠቁራል፣ መንጋ ሆኖም ከማሳ ማሳ ይጓዛል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ የግጦሽ ሳር አይመርጥም። ዝናብን ተከትሎ ይመጣል፣ ያጠፋውን አጥፍቶ ይሄዳል። መጤው ከ350 በላይ የዕፅዋት ዓይነት እንደሚበላ ቢመዘገብም ከሁሉ አብልጦ የሚወደው በቆሎን ነው። አንዴ ከገባ ደግሞ አይወጣም።

ሁለቱን ለመለየት ብዙ ሰው በትሉ ግንባር ላይ ያለውን የተገለበጠ ዋይ (Y)፣ ማለትም የእኛን «ሰ» የሚመስለውን ምልክት ይፈልጋል። እሱ ብቻውን አያስተማምንም፤ የድሮውም ተመሳሳይ ምልክት አለው። ይልቅ የትሉን ጀርባ ወደ ጅራቱ አካባቢ ይዩ። አራት ጥቁር ነጠብጣቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ከተቀመጡ መጤው ነው።

አሁን ወደ ቅጠሉ ጠጋ እንበል። ሴቷ እንቁላሎቿን በአንድ ቦታ ከ100 እስከ 200 ድረስ ከምራ ትጥልና ከራሷ ሰውነት በሚረግፍ ፀጉር መሰል ነገር ትሸፍናቸዋለች። በዕድሜዋ እስከ 1,500 እና ከዚያም በላይ ልትጥል ትችላለች። ሙቀት ካለ በሁለት ሦስት ቀን ይፈለፈላሉ። ጥቃቅኖቹ ትሎች ቅጠሉን አይበሱትም። አንዱን ገጽ ይፍቁና ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ይተዋሉ። ይህ ነጣ ያለ ፍቅፋቂ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው፤ እኔ የማሳውን ዕጣ የሚወስነው እሱን በጊዜ ማየት ነው እላለሁ።

ትሉ ሲያድግ አዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ ወደሚወጣበት የበቆሎው መሃል ይገባል። እዚያ ተወሽቆ ይበላል። ኩሱ እርጥብ ሰጋቱራ መስሎ ከላዩ ይከመራል፣ መውጫውንም ይደፍናል። ትልልቆቹ እርስ በርስ ስለሚበላሉ አንድ በቆሎ ውስጥ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይገኛሉ። ስድስት የዕድገት ደረጃ ያልፋል፤ ከሚበላው ቅጠል አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው። ከዚያ አፈር ውስጥ ይገባና ፑፓ ይሆናል፣ ማለትም በሽፋን ውስጥ ሆኖ መልኩን ይቀይራል፣ የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። ሞቃት ቦታ ላይ ዙሩ በአንድ ወር ገደማ ያልቃል።

እንግዲህ መድኃኒት ረጭቼ ምንም አልሠራልኝም የሚሉ ገበሬዎች ለምን እንደበዙ ይገባናል። በቀትር ተረጭቷል፣ ትሉ ግን በቆሎው መሃል ተወሽቋል። ወይም የተረጨው ትሉ ከወፈረ በኋላ ነው። ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ካልሆነ ገንዘብም ጤናም ማባከን ነው። በቆሎው ገና አጭር ሳለ ማሳውን በየጥቂት ቀኑ መዞር፣ የእንቁላሉን ክምር በጣት መጨፍለቅ፣ ትሉን ለቅሞ መግደል አድካሚ ነው። አነስተኛ ማሳ ላይ ግን ይሠራል፣ ብዙ የኢትዮጵያ ገበሬዎችም አድርገውታል።

ያልተጠበቀ ረዳትም ተገኝቷል። ኮቴሲያ አይሲፔ የምትባል ጥቃቅን ጥገኛ ተርብ እንቁላሏን በትሉ ውስጥ ትጥላለች፤ ልጇም ትሉን ከውስጥ በልታ ትገድለዋለች። በ2017 ኢትዮጵያ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከተሰበሰቡት ትሎች ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶው በዚህች ተርብ ተይዘው ተገኝተዋል። መጤው በታየበት በዚያው ዓመት! ያለ ልክ የሚረጭ መድኃኒት የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው፤ ተርቧንም ይገድላል።

ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ የተሞከረ ሌላም ዘዴ አለ። በበቆሎው መስመሮች መካከል ዴስሞዲየም የሚባል የመኖ ተክል ይዘራል፣ በማሳው ዙሪያ ደግሞ ብራኪያሪያ ሳር። የዴስሞዲየም ሽታ የእሳት እራቷን ያርቃል፣ ሳሩ ወደ ዳር ይስባታል። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ውስጥ እንዲህ በተዘሩ ማሳዎች ላይ በአንድ በቆሎ የሚገኘው የትል ቁጥር በአማካይ 82.7 በመቶ ቀንሶ ታይቷል። ሁለቱም ለከብት መኖ ይታጨዳሉ።