ናስ ምንድን ነው? ከሳንና ከክላውድ በምን ይለያል?

አስር ሰው የሚሠራበት አንድ ቢሮ እንውሰድ። የጨረታ ሰነዱ ያለው አንዷ ላፕቶፕ ላይ ነው። የውል ደብዳቤዎቹ ሌላው ጋ ናቸው። ፋይል በፍላሽ ይዞራል፣ ሲቸኩሉ በቴሌግራም ይላካል። ሳምንት ሳይሞላ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2» እና «የመጨረሻ ፋይናል» የሚባሉ ሦስት ፋይሎች ይፈለፈላሉ። የትኛው እንደሚታተም የምታውቀው ልጅ ደግሞ ዛሬ ፈቃድ ላይ ናት።

ናስ የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ቢሮ ነው። ባጭሩ፣ ኔትወርክ ላይ ተሰክቶ ሁሉም የሚጠቀምበት የጋራ ዲስክ ነው። ሲያዩት የጫማ ካርቶን የሚያህል ሳጥን ነው። ከፊቱ ሁለት ወይም አራት ሀርድ ዲስክ የሚገባበት ቦታ አለው። ከኋላው የመብራት ገመድና የኔትወርክ ኬብል ይሰካል። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው። ውስጡ ግን የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሚሞሪ፣ ብዙ ጊዜም በሊኑክስ ላይ የተሠራ ሲስተም አለ። የሚታዘዘው ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ በብሮውዘር ነው። ስማቸው ቶሎ የሚነሳው ሲኖሎጂና ኪውናፕ ሁለቱም የታይዋን ኩባንያዎች ናቸው።

የአይቲ ልጁ ሳጥኑን የቢሮው ኮምፒውተሮች የሚገናኙበት ስዊች ላይ ይሰካና ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የመግቢያ ስምና ፓስወርድ ይከፍታል። ከዚያ ናሱ በየሰዉ ኮምፒውተር ላይ አንድ ተጨማሪ ድራይቭ ሆኖ ይታያል። የፋይናንሱን ፎልደር ፋይናንስ ብቻ ይከፍተዋል፣ የፕሮጀክቱን ሁሉም።

ናስ ላይ ፋይሉን የሚያስተዳድረው ሳጥኑ ራሱ ነው። ኮምፒውተራችሁ «ይህን ፋይል ስጠኝ» ይላል፤ ዲስኩ ላይ የት እንዳለ ፈልጎ የሚያመጣው ናሱ ነው። የሚግባቡባቸው ደንቦች ዕድሜ ጠገብ ናቸው። ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ኤስኤምቢ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 አይቢኤም ውስጥ ነው። ሊኑክስና ዩኒክስ ላይ የተለመደውን ኤንኤፍኤስ ሰን ማይክሮሲስተምስ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በመሃል ሆኖ የሚያስተናግድ ስላለ፣ ሁለት ሰው አንድ ኤክሴል ሊከፍት ሲል ለሁለተኛው «ፋይሉን እገሌ ይዞታል፣ ማንበብ ብቻ ትችላለህ» የሚል መልእክት ይመጣለታል። ያናድዳል። ግን የሌላውን የግማሽ ቀን ሥራ ሳያውቁ ከማጥፋት ያድናል።

ሳን፣ ማለትም ለሰርቨሮች የዲስክ ቦታ የሚያቀርብ የማከማቻ ኔትወርክ፣ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ማከማቻው ስለ ፋይል የሚያውቀው ነገር የለም። ለሰርቨሩ ባዶ የዲስክ ቦታ ይሰጠዋል፣ ሰርቨሩም የራሱ ዲስክ መስሎት ፎርማት ያደርገዋል። ሁለት ሰርቨሮች ያንኑ ቦታ ያለ ልዩ የጋራ የፋይል ሲስተም አንድ ላይ ቢጽፉበት ዳታው ይበላሻል። መስመሩም ይለያል። ወይ ፋይበር ቻናል የሚባል የራሱ ካርድና ስዊች ያለው ነው፣ ወይ ደግሞ አይስካዚ በሚባለው ደንብ በተለመደው የኔትወርክ ኬብል ይሄዳል።

ታዲያ ማን ይፈልገዋል? ትልልቅ ዳታቤዝ ያለው ባንክና ብዙ ቨርቹዋል ሰርቨር (አንድ ማሽን ላይ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሰርቨር) የሚያስተዳድር ተቋም። አንዱ ሰርቨር ቢሞት ዳታው ውስጡ ስላልነበረ ሥራው ሌላኛው ላይ ይነሳል። ሠላሳ ሠራተኛ ላለው ቢሮ ሳን ልሽጥ የሚል ሻጭ ከመጣ ግን ለምን እንደሆነ በደንብ ያስረዳ። ደግሞ አብዛኛው ናስ ዛሬ አይስካዚም ይችላል፤ ስለዚህ ድንበሩ ድሮ እንደነበረው የጠራ አይደለም።

ብዙ ሰው ናስ ገዝቶ «ቀርፋፋ ነው» ይላል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የናሱ አይደለም። ጊጋቢት ኔትወርክ ቢበዛ በሰከንድ 125 ሜጋባይት ያሳልፋል፤ በተግባር 110 ገደማ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። በዚህ ፍጥነት 100 ጊጋባይት ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጥግ ላይ የተረሳ ባለ 100 ሜጋቢት አሮጌ ስዊች በመሃል ካለ ግን ያው ሥራ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ናሱን ከመውቀሳችሁ በፊት ስዊቹንና ኬብሉን እዩ።

ያንኑ 100 ጊጋባይት ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚደረስበት የሌላ ኩባንያ ማከማቻ፣ ልላክ ብትሉስ? የመላኪያ ፍጥነታችሁ 10 ሜጋቢት ከሆነ፣ መስመሩ አንዴም ሳይቆራረጥ 22 ሰዓት ገደማ ነው። የክላውድ ጥቅሙ ሌላ ነው። ቢሮው ቢቃጠል ወይም ሌባ ቢገባ ዳታው ሩቅ ነው። ሠራተኞቹ አንዱ አዲስ አበባ ሌላው ዱባይ ለሆነ ድርጅትም ይመቻል። እኛ አገር ግን የውጭ ኩባንያዎቹ ክላውድ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ አንድ ራስ ምታት ነው። ኢንተርኔቱ ሌላ። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ አገር አቀፍ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ ፋይሉ ሁሉ ክላውድ ላይ ያለ ቢሮ ምን ይሠራል? ናስ ግን ስዊቹ መብራት እስካገኘ ድረስ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ይሠራል። የእኔ ምርጫ የዕለት ሥራውን ናስ ላይ፣ የባሰ ቀን መጠባበቂያውን ክላውድ ላይ ማድረግ ነው።

አሁን ሰው በብዛት የሚሸወድበት ጉዳይ፤ ሬይድ፣ ማለትም ብዙ ዲስኮችን አንድ ላይ የማሠራት ዘዴ። ሐሳቡ በስሙ የታወቀው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጽሑፍ ነው። ሬይድ 1 አንድ ዓይነት ዳታ ሁለት ዲስክ ላይ ይጽፋል፤ ስለዚህ ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ገዝታችሁ የምትጠቀሙት 4 ነው። ሬይድ 5 ላይ አራት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ቢኖር ከአራቱ የአንዱን ያህል ቦታ ይሄዳል፣ 12 ቴራባይት ይቀራል። አንድ ዲስክ ቢሞት ሥራ አይቆምም። ሳጥኑ ይጮኻል። አንዱ ተነስቶ ጩኸቱን ያጠፋዋል፣ «ነገ እናየዋለን» ይባላል። ነገ ሳይመጣ ሁለተኛው ዲስክ ከሄደ አለቀ።

ሬይድ ባክአፕ አይደለም። አንድ ሰው ፎልደር ካጠፋ ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይጠፋል። ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ከገባም ሁለቱንም ይቆልፋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ዴድቦልት የሚባለው ራንሰምዌር ለኢንተርኔት በቀጥታ የተከፈቱ የኪውናፕ ሳጥኖችን እየቆለፈ ቢትኮይን ጠይቋል። «ቤቴ ሆኜም ልግባበት» ብሎ ራውተሩ ላይ ፖርት (ከኢንተርኔት ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር) መክፈት የዚህ ዓይነቱ ጣጣ መግቢያ ነው፤ ከውጭ መግባት ካስፈለገ በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ የግል መስመር፣ ይሁን። ናሱ ስናፕሾት የሚችል ከሆነ አብሩት፣ የትናንቱን ፎልደር መልሶ ያወጣል። ከዚያ በተረፈ በኤክስተርናል ዲስክ ተገልብጦ ከቢሮው ውጭ የሚቀመጥ አንድ ኮፒ ይኑር።

ዩፒኤስ ሳይገዙ ናስ መግዛት አይሞከር። መብራት ሲሄድ እየጻፈ የነበረ ዲስክ ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። ብዙ ዩፒኤስ ካርቶኑ ውስጥ ከናሱ ጋር የሚያገናኝ የዩኤስቢ ገመድ አለው። አብዛኛው ሰው እዚያው ይተወዋል። ከተሰካ ግን ባትሪው ሊያልቅ ሲል ናሱ በራሱ በሥርዓት ይዘጋል።

ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የፒችትሪ ዳታቤዝ ሞተር ዳታው ባለበት ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ መጫን አለበት፤ ስለዚህ የካምፓኒውን ዳታ ናሱ ላይ አስቀምጦ ከዚያ መሥራት አይሆንም። ሒሳቡ በነበረበት ኮምፒውተር ይቆይ፣ የየቀኑ ባክአፕ ናሱ ላይ ይውረድ።

ዋጋ ስትጠይቁ «ከነዲስኩ ነው?» በሉ። ናስ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው የሚሸጠው፤ ለናስ ተብሎ የተሠራ፣ ሌት ተቀን የሚሠራ ዲስክ ለብቻው ይገዛል። እሱ ደግሞ ከሳጥኑ በላይ የሚወደድበት ጊዜ አለ።