የይሓ የነሐስ ማኅተሞችና እንስሶቻቸው

ይሓ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ቤተ መቅደሱ ነው። ከ2,500 ዓመት በላይ የቆመ፣ 14 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የድንጋይ ሕንፃ ዓይን ቢስብ አይገርምም። እኔን ግን ይበልጥ የሚመስጡኝ ከዓለት ተፈልፍለው ከተሠሩት መቃብሮች የወጡት ትናንሽ የነሐስ ማኅተሞች ናቸው። ቤተ መቅደሱ የአምላክ ነው። ማኅተሙ የአንድ ሰው ነው።

ይሓ የምትገኘው በትግራይ፣ ከአድዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ከአክሱም በፊት የነበረው የደዓማት መንግሥት መናገሻ እንደነበረች ይታመናል። መቃብሮቹን በ1960 እ.ኤ.አ. የቆፈረው ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፍራንሲስ አንፍሬ ነው። ማኅተሞቹን ተመራማሪዎች «የማንነት ምልክት» ይሏቸዋል። ከይሓ ውጪ የተገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

አሠራራቸው ድንቅ ነው። ነሐሱ ድፍን አይደለም፤ ቅርጹን የሚሠሩት መስመሮች ብቻ ቀርተው መካከሉ ክፍት ነው። ከጀርባው ትንሽ ቀለበት አለው። እንዲህ ያለ ማኅተም እርጥብ ጭቃ ላይ ሲጫን መስመሮቹ ብቻ ይታተማሉ። ከዚህ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ በመካከለኛው እስያ፣ በዛሬዋ ቱርክሜኒስታን፣ ንስርና እባብ ያለባቸው ተመሳሳይ ማኅተሞች ይሠሩ ነበር። የይሓዎቹ ግን የራሳቸው መልክ አላቸው። ገሚሶቹ የጂኦሜትሪ ቅርጽ ሲሆኑ ሌሎቹ በሬ፣ ዋልያ፣ አንበሳ ወይም ወፍ ናቸው።

ከሁሉ የሚያምረው ፊደሉ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ የሳባ፣ ማለትም የጥንቷ ደቡብ ዓረቢያ፣ ፊደላት እርስ በርስ ተጠላልፈው ገብተዋል። ተፈትተው ሲነበቡ የሰው ስም ይወጣቸዋል። የሳባ ጽሑፍ አናባቢ ስለማይጽፍ የደረሱን ተነባቢዎቹ ብቻ ናቸው። የግዕዝ ፊደል የተወለደው ከዚሁ የአጻጻፍ ቤተሰብ ነውና፣ ፊደላቱን ስመለከት ባዕድ አይሆኑብኝም።

እንስሶቹ ለጌጥ ያህል የተመረጡ አይመስለኝም። ዋልያን እንውሰድ። ባለ ረጅም ቀንዱ የተራራ ፍየል በደቡብ ዓረቢያም በይሓም ከአልመቃህ ጋር ይያያዛል፤ ቤተ መቅደሱ የተሠራለት አምላክም እሱ ነው። በይሓ የዋልያ ራስ በተርታ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ዛሬም ይታያሉ። ከአክሱም አጠገብ፣ በሐውልቲ የተገኘው የድንጋይ ዙፋንም የዋልያ ምስል አለበት። እንግዲህ ስሙን በዋልያ አካል ውስጥ ያስቀረጸ ሰው፣ ስሙን ከአምላኩ ምልክት ጋር አብሮ ይዞ ይዞር ነበር ማለት ነው።

በሬም የአልመቃህ ምልክት ነበር። እዚህ ግን የእርሻም ጓደኛ ነው። በሐውልቲ ቀንበር የተጫነባቸው የሸክላ በሬዎች ተገኝተዋል፤ ጥማድ በሬ የእኛ ገበሬ ዛሬም አብሮት የሚውል ነው።

አንበሳው የኃይል ምልክት ነው ቢባል ያስኬዳል። ከሞዓ አንበሳ ጋር ማያያዝ ግን አይገባም። የሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት ዙፋን የያዘው በ1270 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከማኅተሞቹ ከሺህ ዓመት በላይ ዘግይቶ። የይሓው አንበሳ ሊታይ የሚገባው በራሱ ዘመን፣ ከዋልያውና ከበሬው ጎን ነው።