ታኮ፦ ነገሩ ያለው ቂጣው ላይ ነው

ታኮ ሲባል ቀድሞ የሚመጣልን የጫማው ነው፣ ይሄኛው ግን የሚበላው የሜክሲኮው ነው። ስስ ቂጣ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ስጋ ወይ ቦሎቄ ምናምን፣ ከላይ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ሎሚ ጠብ ጠብ፣ በቃ አጥፎ በእጅ መብላት ነው። ብዙ ሰው ስለ ስጋው ይጨነቃል፣ እኔ ግን ታኮ የሚጥመውም የሚበላሸውም በቂጣው ነው ባይ ነኝ፣ ስለዚህ ብዙውን የማወራው ስለሱ ነው።

ቂጣውን ቶርቲላ ይሉታል። ስሙ የስፓኒሽ ነው (ስፔን ሄዳችሁ ቶርቲላ ብትሉ ግን የሚመጣላችሁ የእንቁላል ነው)፣ ቂጣው ራሱ ግን ስፔኖች ሳይመጡ ከብዙ ዘመን በፊት የነበረ የበቆሎ ቂጣ ነው። በቆሎው እንዲሁ አይፈጭም፣ መጀመሪያ በኖራ ውሃ ይቀቀልና እዛው ያድራል፣ ጠዋት ልጣጩ ሲለቅ ይታጠብና እርጥቡን ይፈጫል። ኖራው ሊጡን ያያይዘዋል፣ በዛ ላይ በቆሎው ውስጥ ያለውን ናያሲን የሚባል ቫይታሚን ሰውነት እንዲያገኘው ያደርጋል። በቆሎ አውሮፓ ሲገባ ይሄ ሙያ አብሮት ስላልሄደ ሰሜን ጣሊያን ውስጥ በቆሎ ብቻ የሚበላው ድሃ ገበሬ ፔላግራ በሚባል በሽታ ብዙ ተሰቃይቷል። መጋገሪያው ኮማል ይባላል፣ የድሮው የሸክላ ነው፣ የኛን ምጣድ የሚያውቅ ሰው አይጠፋበትም።

ታዲያ ከወፍጮ ቤት ያመጣችሁት ተራ የበቆሎ ዱቄት ለዚህ አይሆንም፣ ሞክሬ ነው የምላችሁ፣ ምጣዱ ላይ ደህና ይመስልና ልታጥፉት ስትሉ ለሁለት ይሰነጠቃል። አሜሪካ ያላችሁ በኖራ የተሰናዳውን ዱቄት ሱቅ ታገኙታላችሁ፣ ማሴካ የሚለው አለ። ሌላው ሰው በስንዴ ይስራ፣ ነውር የለውም፣ ስንዴውን ስፔኖች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ይዘውት ገብተው ዛሬ ሰሜን ሜክሲኮ፣ ሶኖራና ቺዋዋ አካባቢ የሚወደደው የስንዴው ቶርቲላ ነው።

እንደውም ፑኤብላ የሚባለው ከተማ የአረብ ታኮ የሚሉት አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ከመካከለኛው ምስራቅ የመጡ ስደተኞች ሻዋርማቸውን ይዘው መጡ፣ ስጋው በቁም እየዞረ ይጠበሳል፣ የሚጠቀለለውም ወፈር ባለ የስንዴ ቂጣ ነው። መነሻው በግ ነበር፣ እዛ ሲቆይ ወደ አሳማ ዞረ፣ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአናናስ የሚቀርበው አል ፓስቶር የሚሉት ታኮም ከዚሁ የወጣ ነው። አሳማ ለማይበላው ለኛ ሰው በግ ማድረግ እንግዲህ ፈጠራ ሳይሆን ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው። ያ ቆርጠም የሚለው ቅርፊት ታኮ ደሞ አሜሪካ ነው የገነነው፣ ግሌን ቤል የሚባል ሰው ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1962 እ.ኤ.አ. የከፈተው ታኮ ቤል የሚባለው ምግብ ቤት አዳርሶታል። ለእኔ ቺፕስ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመጣ፣ ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሶስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሩብ የጎደለው ኩባያ ለብ ያለ ውሃ፣ ውሃውን ግን ሁሉንም አንዴ አትገልብጡት፣ እያያችሁ ጨምሩ። እርሾ የለም። አምስት ደቂቃ ያህል ታሽቶ በጨርቅ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፣ ይሄን የሚዘል ሰው ሊጡ በመዳመጫ ሲዘረጋ መልሶ እየተሰበሰበ ያናድደዋል። ለስምንት አድቦልቡሉና ስስ አድርጋችሁ ዳምጡት (መዳመጫ ከሌለ ጠርሙስም ይሰራል)፣ ከኋላው እጃችሁ ጥላ ሆኖ እስኪታይ። መጥበሻው ዘይት ሳይነካው በደንብ ይጋል፣ ቂጣው ሲያርፍበት እዚህም እዛም ኩፍ ኩፍ ይላል፣ ቡናማ ነጥብ ሲያወጣ ይገልበጥ፣ በአንድ ጎን ግማሽ ደቂቃ ምናምን ይበቃዋል። ከዛ በላይ ከቆየ ይደርቅና አይታጠፍም። እንደወጣ ወዲያው ንጹህ ፎጣ ውስጥ ይጠቅለል፣ የሚያለሰልሰው የራሱ እንፋሎት ነው።

ውስጡ የፈለጋችሁት ነው። የተፈጨ ስጋ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በከሙን ውሃው እስኪመጥ ይጠበሳል፣ ለጾም የተቀቀለ ቦሎቄ በዘይት ጠብሶ ደፍጠጥ ማድረግ፣ ይሄ እዛም የየቀኑ ምግብ ነው። ሳልሳው ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የድንብላል ቅጠል፣ ጨውና ሎሚ ነው፣ ሁሉም ደቀቅ ተደርጎ ይከተፍ፣ ቲማቲሙ ፍሬውና ውሃው ካልወጣለት ግን ቂጣው ያለቅስና እጅጌያችሁ ውስጥ ይገባል። ሁለት ማንኪያ ይበቃል፣ አትሙሉት።

የተረፈና የደረቀ ቶርቲላ አይጣልም፣ ሜክሲኮዎች የበቆሎውን ቆራርሰው ይጠብሱና ትኩስ ሳልሳ ውስጥ ከተው ጠዋት ቁርስ ያደርጉታል፣ ቺላኪሌስ ይሉታል። ፍርፍር ነዋ!