የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ንድፍና የእጅ ሥራ በአዲስ አበባ

ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር የባንድን ወፍራም ድምፅ የሚሸከም፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለ አራት ክር የሆነ መሣሪያ ሲሆን ክሮቹ ከወፍራሙ ጀምሮ በሚ፣ በላ፣ በሬ እና በሶል ይቃኛሉ። በስፋት የተመረተው የመጀመሪያው ሞዴል ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ሆኖም የሲያትሉ ፖል ታትማርክ በ1930ዎቹ ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርቶ ስለነበር የፈጠራው ባለቤትነት ለማን እንደሚሰጥ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

በአዲስ አበባ መሣሪያው የታወቀው ከውጭ በገባ ዕቃ ነው። በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተው የፒያሳው አገር ፍቅር እና በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተው የአሁኑ ብሔራዊ ትያትር የሙዚቃ ባህል በኋላ የመጡት ባንዶች ቤዝን የራሳቸው አደረጉት፤ የዋልያስ ባንዱ መላከ ገብሬ እና የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ የተጫወቱት ቤዝ ዛሬም ከዘፋኙ ድምፅ እኩል ይታወሳል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የምሽቱን ሙዚቃ ገድቦት ነበር።

የእጅ ሥራው ከወረቀት ይጀምራል። ሠሪው አስቀድሞ የሚወስነው የክሩን የሚንቀጠቀጥ ርዝመት ነው፤ የተለመደው 864 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሌላው ልክ ሁሉ ከዚህ ይወጣል። የእያንዳንዱ ፍሬት፣ ማለትም ድምፁን ለመለየት በአንገቱ ላይ በአግድም የሚሰካው ቀጭን ብረት፣ ቦታ የሚገኘው ቀሪውን ርዝመት ለ17.817 በማካፈል በመሆኑ የመጀመሪያው ፍሬት ክሩ አንገቱ ጫፍ ላይ ከሚያርፍበት ነጥብ 48.5 ሚሊ ሜትር ርቆ ይቀመጣል፣ 12ኛው ደግሞ እኩሌታው ላይ፣ በ432 ሚሊ ሜትር ይውላል። አራቱ ክሮች በአንድነት አንገቱን ከ70 እስከ 80 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል ስለሚስቡት በውስጡ የሚስተካከል የብረት ዘንግ ይቀበራል።

ለአካሉ ቀላልና ለመሮ የሚመች ዋንዛ፣ ለጣት ሰሌዳው ጠጣሩ ወይራ ይስማማሉ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው ከተማ ግን ክረምቱ እርጥብ፣ በጋው ደረቅ ነውና በደንብ ሳይደርቅ የተላገ እንጨት በበጋ ይኮማተርና የፍሬቶቹ ጫፍ እጅ ይቧጭራል። ይህ የማንኛውም አናጺ የታወቀ ችግር ቢሆንም በቤዝ ላይ ይብሳል፤ አንገቱ ረጅምና ቀጭን ነውና።

የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ፒክአፕ በማግኔት ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ከተጠመጠመ፣ ከፀጉር ከቀጠነ የመዳብ ሽቦ ይሠራል። ክሩ ማግኔት የሚስበው ብረት ካልሆነ ድምፅ አይሰጥም። የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ በመዳብ ወረቀት ካልተሸፈነ ደግሞ የመብራቱ 50 ኸርዝ ጉምጉምታ ይገባበታል።

በአገር ውስጥ የቤዝ ጊታሩ የቅርብ ዘመድ በአምፕሊፋየር የሚሰማው ቤዝ ክራር ነው። ክራር ፍሬት ስለሌለው ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰልና ለአንቺሆዬ ቅኝቶች እንደ ተጫዋቹ ጆሮ ይቃኛል፤ የጊታር ፍሬት ግን ድምፁን በእኩል ርቀት ስለሚቆርጠው በተለይ ለአንቺሆዬ አይመችም የሚሉ አሉ። ለእነዚህ ተጫዋቾች ፍሬት አልባ አንገት ይመረጣል፤ ዙሪያውን በሽቦ የተጠቀለለ ክር የጣት ሰሌዳውን ስለሚፍቀው ግን እንደ ወይራ ያለ ጠንካራ እንጨት የግድ ነው።