ሰው ሳይጎዳ የሚሳሳቱበት ክፍል፦ ሲሙሌሽን በጤና ትምህርት

የሕክምና፣ የነርስና የአዋላጅ ተማሪዎች እውነተኛ ታካሚ ጋ ከመድረሳቸው በፊት በአሻንጉሊት፣ በማሽን ወይም ታካሚ ሆኖ በሚተውን ሰው ላይ ይለማመዳሉ። አሠራሩ ሲሙሌሽን ይባላል። እኛ አገር ተማሪዎች ልምምዱ የሚካሄድበትን ክፍል ‹‹ስኪል ላብ›› ይሉታል። የመጀመሪያው መርፌ፣ የመጀመሪያው ስፌት፣ የመጀመሪያው ትንፋሽ የመመለስ ሙከራ በሰው ገላ ላይ እንዳይሆን ነው ይህ ሁሉ።

ለረጅም ጊዜ የነበረው ግን ተቃራኒው ነው። ጀማሪው አንድ ጊዜ አይቶ በሚቀጥለው ራሱ ይሠራል። የሚለማመድበትም አብዛኛውን ጊዜ ድሃው ታካሚ ነው። አልጋውን የከበቡትን ተማሪዎች እምቢ ለማለት አቅሙም ድፍረቱም የለውም። እኔ ሲሙሌሽንን ከማስተማሪያ ዘዴነቱ ይልቅ እንደ ታካሚ ክብር የማየው ለዚህ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ18ኛው ክፍለ ዘመን አንጀሊክ ዱ ኩድሬ የተባለች ፈረንሳዊት አዋላጅ ከጨርቅና ከቆዳ የእናት ዳሌና የሕፃን ሞዴል ሠራች። ንጉሥ ሉዊ 15ኛ በ1759 በአገሪቱ እየዞረች እንድታስተምር ፈቃድ ሰጣት። ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ ከአውራጃ አውራጃ እየተዘዋወረች በሺህ የሚቆጠሩ የገጠር ሴቶችን አሠለጠነች። ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም ነበር። በእጃቸው እየዳሰሱ፣ እየጎተቱ፣ እያዞሩ ተማሩ። ከሞዴሎቹ አንዱ ዛሬም ሩዋን ከተማ በሚገኝ ሙዚየም ይታያል።

በ1911 አሜሪካ ውስጥ የሃርትፎርድ ሆስፒታል ነርስ ተማሪዎች ‹‹ሚስስ ቼዝ›› የምትባል፣ ቁመቷ እንደ ሰው የሆነ አሻንጉሊት መጣችላቸው። ታካሚን ማጠብ፣ ማገላበጥና አልብሶ ማስተኛት በእሷ ተማሩ። በዓለም ላይ ይበልጥ የታወቀችው ግን ‹‹ሬሰሲ አን›› ናት። አስሙንድ ላርዳል የሚባል የኖርዌይ አሻንጉሊት አምራች በ1960 ሠራት። ያኔ እነ ዶክተር ፒተር ሳፋር የአፍ ለአፍ ትንፋሽ አሰጣጥን እያስፋፉ ስለነበር መለማመጃ ያስፈልጋቸው ነበር። ፊቷ የተቀዳው በፓሪስ ሴን ወንዝ ውስጥ ሞታ ተገኘች ከምትባል፣ ስሟ ካልታወቀ ወጣት ነው ይባላል። ልብ የቆመበትን ሰው ለመርዳት ደረትን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች መጫን ያስፈልጋል። ይህን ጉልበትና ፍጥነት በወሬ ማስተማር አይቻልም።

በኮምፒውተር የሚመራው የመጀመሪያው ሲሙሌተር ‹‹ሲም ዋን›› ይባላል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለሰመመን ሰጪዎች የተሠራ ነው። ይተነፍሳል፣ ልቡ ይመታል፣ ዓይኑ ይርገበገባል። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሃዋርድ ባሮውስ የተባለ የነርቭ ሐኪም በ1963 ሌላ መንገድ ጀመረ። ጤነኛ ሰው የአንድን ታካሚ ታሪክና ምልክት አጥንቶ ለተማሪዎች እንዲተውን አደረገ። ‹‹የት ጋ ነው የሚያምዎት?›› ብሎ በአክብሮት መጠየቅና ክፉ ዜና መንገር በፕላስቲክ አይለመድም። ለዚህ ተዋናይ ታካሚን የሚያክል የለም።

በ1980ዎቹ የስታንፎርዱ ሰመመን ሰጪ ዴቪድ ጋባ ከአቪዬሽን አንድ ትልቅ ነገር ወሰደ። አብራሪ ሞተር ቢጠፋ ምን እንደሚያደርግ መሬት ላይ ባለ ሲሙሌተር ውስጥ ይለማመዳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎችም አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠለጥኑት እንዲሁ ነው። ጋባ ይህን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አመጣው። ከእጅ ሙያ አልፎ ቡድን እንዴት እንደሚግባባ፣ ማን እንደሚመራ፣ ማን እርዳታ እንደሚጠራ ማሠልጠን ተጀመረ። እስራኤል ውስጥ በሼባ ሆስፒታል በ2001 የተከፈተውን ትልቅ የሲሙሌሽን ማዕከል የመሠረተው አሚታይ ዚቭም የሕፃናት ሐኪም ከመሆኑ በፊት የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነበር።

ዛሬ ያሉት መሣሪያዎች ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በአንድ ጫፍ መርፌ የሚወጋበት የጎማ ክንድ አለ። በሌላው ጫፍ የሚያልበው፣ የዓይኑ ብሌን የሚጠብና የሚሰፋ፣ ከመስታወት ጀርባ በተቀመጠ አስተማሪ ድምፅ የሚያወራ፣ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚገዛ ማኒኪን (የሰው ቅርጽ ያለው መለማመጃ አሻንጉሊት) አለ። ውዱ ሁልጊዜ የተሻለ ያስተምራል ማለት ግን አይደለም።

ለዚህ ‹‹ማማናታሊ››ን ማየት ይበቃል። በወገብ የሚታጠቅ የእናት ሆድ ነው። አሠልጣኟ ታጥቃው እናቲቱን ሆና ትተውናለች። ሕፃኑ ይወለዳል፣ የእንግዴ ልጁ ይወጣል። ከዚያ አሠልጣኟ በስውር ማህፀኑን ታላላዋለች፣ ሰው ሠራሹን ደምም ትለቀዋለች። ‹‹ዓይኔ ጨለመብኝ›› ትላለች። ተማሪዋ ማህፀን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን (ማህፀንን የሚያኮማትር መድኃኒት) መስጠት፣ ሰው መጥራት አለባት። እናቲቱንም ማናገር አለባት፤ ብዙ ተማሪ የሚረሳው ይህን ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም እናቶችን ከሚገድሉ ዋና ምክንያቶች አንዱ በሆነበት አገር ይህ ልምምድ ቅንጦት አይደለም። ጓደኛው ‹‹ኒዮናታሊ›› ደግሞ ውኃ ሲሞላ የአራስ ልጅ ክብደት የሚይዝ አሻንጉሊት ነው። በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ ያልተነፈሰን ሕፃን በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) መርዳት ይለመድበታል። ሁለቱም መብራት አይፈልጉም። ጥቁር ቆዳ ያላቸውም አሉ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ አብዛኛው ማኒኪን ለረጅም ዘመን ነጭ ሆኖ ነው የተሠራው።

ትምህርቱ የሚሰምረው ግን ልምምዱ ካለቀ በኋላ በሚደረገው ውይይት ነው። ባለሙያዎቹ ‹‹ዲብሪፊንግ›› ይሉታል። ሁሉም ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አሠልጣኙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ‹‹ምን ተሰማችሁ?›› ብሎ ነው። ቀጥሎ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ፣ ሌላ ጊዜ ምን እንደሚለውጡ ይነጋገራሉ። ብዙ ጊዜ ውይይቱ ከልምምዱ ራሱ ይረዝማል። እኛ ጋ ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ይመስለኛል። በሰው ፊት ተቆጥቶ ማስተማር የለመደ አስተማሪ ተማሪውን ዝም ያሰኘዋል። ተማሪው ዝም ካለ ደግሞ ለምን እንደተሳሳተ አይታወቅም። ታናሽ ነርስ ስፔሻሊስቱን ‹‹ዶክተር፣ መድኃኒቱ በዝቷል›› ለማለት ይሉኝታ ይይዛታል። ይህን መናገር የምትለማመድበት ሌላ ቦታ የለም።

ውጤቱስ? በ2014 የወጣ የአሜሪካ ነርስ ቦርዶች ምክር ቤት ጥናት 10 ኮሌጆችን ተከታትሎ ነበር። የሆስፒታል ልምምድ ሰዓት እስከ ግማሹ በሲሙሌሽን ቢተካም የተመራቂዎቹ ብቃት አልቀነሰም። ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፤ አሠልጣኞቹ ራሳቸው በዲብሪፊንግ የሠለጠኑ መሆን አለባቸው። መሣሪያ ገዝቶ አሠልጣኝ አለማዘጋጀት ማኒኪኑን ከነካርቶኑ መጋዘን ውስጥ ከማስቀመጥ ብዙም አይለይም።

ሲሙሌሽን ሁሉን አይተካም። የቤተሰብ ጭንቀት፣ የዋርዱ ግርግር፣ የእውነተኛ ሆድ ንክኪ እዚያው ሆስፒታል ነው ያለው። የአንድ ቀን ሥልጠናም ይረሳል። ታንዛኒያ ውስጥ ሃይዶም ሆስፒታል አዋላጆች አራስ ሕፃን ማስተንፈስን ለአንድ ቀን ሠለጠኑ። በአሻንጉሊቱ ላይ ጎበዝ ሆኑ፣ በወሊድ ክፍሉ ሥራ ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ከዚያ አሠራሩ ተቀየረ። አሻንጉሊቱ ወሊድ ክፍሉ አጠገብ ተቀመጠ፤ አጫጭር ልምምድም በየጊዜው ይደረግ ጀመር። በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ከ1000 ከ11 ገደማ ወደ 7 ገደማ ወረደ።