ድንጋይ ለሚወጣ ሪሞት መኪና የቱቦ ሻንሲ መሥራት

የሽቦ መኪና እየሠራ ያደገ ሰው የዚህን ሙያ ግማሹን ያውቀዋል። ሽቦው ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛል፣ ቆርኪው ጎማ ይሆናል። ቀሪው ግማሽ ግን ሞተር፣ ባትሪና እሳት አለበት።

ሮክ ክሮውለር የሚባለው ድንጋይ እንዲወጣ ብቻ የሚሠራ መኪና ነው። አይሮጥም። አራቱም ጎማዎች ይጎትታሉ። ዲፈረንሻሉ የተቆለፈ ስለሆነ አንዱ ጎማ አየር ላይ ቢንጠለጠልም ሌላው መቧጠጡን አያቆምም። ሰው የሚቀመጥበት ትልቁ መኪና በተለይ በምዕራብ አሜሪካ የታወቀ ነው። የዩታዋ ሞአብና የካሊፎርኒያው ሩቢኮን መንገድ ስማቸው የገነነ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ደግሞ በካሊፎርኒያው ጆንሰን ቫሊ በረሃ ኪንግ ኦፍ ዘ ሀመርስ የተባለ ውድድር ይካሄዳል። እዚያ ከሚታዩት መኪኖች ብዙዎቹ ቦዲ የሚባል ነገር ያላቸው አይመስሉም። ከቱቦ የተበየደ አጽም ናቸው፤ ሾፌሩም አጥንት ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል።

የሪሞት መኪና ወዳጆች ይህንኑ ወደ አንድ አሥረኛ አሳንሰው ወሰዱት። በመጀመሪያው ጊዜ ዕቃ የሚገኘው ከሌላ መኪና ተነቅሎ ነበር። የጃፓኑ ድርጅት ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ክሎድ በስተር የተባለ የሪሞት መኪና በየአክስሉ የራሱ ሞተር ስለነበረው አክስሎቹ ይፈለጉ ነበር። በኋላ አክሲያል የተባለው ድርጅት ለዚሁ ሥራ የታሰቡ መኪኖችን አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 የመጣው ሬይዝ የተባለ ሞዴሉ የቱቦ አጽም መልክ ነበረው፤ ቱቦው ግን ፕላስቲክ ነው። እውነቱን ለመናገር ለመንዳት ብቻ ከሆነ የፋብሪካው ፕላስቲክ ይበቃል። ቀላል ነው፣ ሲወድቅ ይለመጣል፣ ተመልሶም ይቃናል። ብረት የሚበይድ ሰው መልኩንና ልኩን ራሱ መወሰን የፈለገ ነው።

ብረቱ ብዙውን ጊዜ 4.76 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ነው፤ በኢንች 3/16 ማለት ነው። ልኩ እንዲሁ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። በትልቁ መኪና የተለመደው ቱቦ 1.75 ኢንች ወይም 44 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ለአሥር ሲካፈል 4.4 ይመጣል። ስለዚህ ለዓይን ልክ ይሆናል። ድፍኑ ዘንግ በሜትር 140 ግራም አካባቢ ይመዝናል። የዚያው ልክ የፍሬን ቱቦ፣ ግድግዳው 0.7 ሚሊሜትር ከሆነ፣ 70 ግራም ገደማ ነው። የሚገርመው ክብደቱ በግማሽ ሲቀንስ ላለመታጠፍ ያለው ጥንካሬ ግን ሦስት አራተኛው ይቀራል። ሻንሲው አራት ሜትር ብረት ቢፈጅ ልዩነቱ 280 ግራም ነው። በዚህች ትንሽ መኪና ላይ ይህ የዋዛ አይደለም፣ በተለይ ክብደቱ ላይኛው ቱቦ ላይ ከሆነ።

ለምን ቢባል፣ መኪናው የሚገለበጠው በከፍታው ምክንያት ነው። ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ 230 ሚሊሜትር የሆነ መኪና እንውሰድ። የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 90 ሚሊሜትር ላይ ቢሆን፣ ሞላውና ጎማው ሳይታሰብ፣ 52 ዲግሪ ግድም በጎን ሲያዘነብል ይገለበጣል። ማዕከሉን ወደ 70 ማውረድ 59 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ሰባት ዲግሪ ገደማ ድንጋይ ላይ ብዙ ነገር ነው። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ጣሪያውን በስስ ቱቦ የሚሠሩት፣ ባትሪውን ወደ ታችና ወደ ፊት የሚገፉት፣ ቸርኬው ውስጥም የናስ ክብደት የሚጨምሩት። ዳገት ሲወጣ ክብደት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ፊቱ አስቀድሞ ከበድ ካላለ መኪናው ወደ ኋላ ይፈነገላል።

ጀማሪ የሚሳሳተው ከአጽሙ ሲጀምር ነው። የሚያምር ጋቢና ይሠራና ካምቢዮው አልገባ ይለዋል። ሥራው ከጎማ ነው የሚጀመረው። ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ሁለቱ አክስሎች በሚፈለገው ርቀት ይቀመጣሉ። 313 ሚሊሜትር የተለመደ ልክ ነው፤ ኤስሲኤክስ10 የተባለው የአክሲያል ሞዴል ልክ ስለሆነ ለእሱ የተሠራ ዕቃ በቀላሉ ይገኛል። ካምቢዮው ከታች ከሚይዘው ላሜራ ጋር መሃል ላይ በእንጨት ቁራጭ ይደገፋል። ከዚያ አክስሉን ከሻንሲው የሚያያይዙት አራት ዘንጎች ይገጠማሉ። ሁለቱ የታችኞቹ ግፊቱን ይሸከማሉ። ሁለቱ የላይኞቹ ተገናኝተው እንደ ማዕዘን ስለሚቆሙ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ ይይዙታል፤ ሞተሩ ሲጎትትም እንዳይጠመዘዝ ያደርጋሉ። የታችኞቹ ከአክስሉ ወደ ሻንሲው አለቅጥ ሽቅብ ከወጡ ጋዝ ሲሰጠው ኋላው ይነሳል፤ ጎማውም ይዘላል። እዚህ ላይ የሚጠፋ ሰዓት የጠፋ አይደለም። ቱቦው እነዚህን ነጥቦች ከማገናኘት ያለፈ ሥራ የለውም።

የጎኑ ሥዕል በወረቀት ላይ በእውነተኛ ልኩ ይሳላል። ቱቦው እየታጠፈ ሥዕሉ ላይ ይጋደማል። ብረት ሲለቁት ትንሽ ስለሚመለስ ከልኩ አሳልፎ ማጠፍ ነው። ቀጭን ቱቦ ግን በጠባብ ኩርባ ከታጠፈ ይጨማደዳል፤ ለቱቦ የተሠራ ማጠፊያ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ግራና ቀኙ ጎን ለጎን መሠራት አለባቸው፤ አንዱን ዛሬ፣ አንዱን ከሳምንት በኋላ ካሉ እኩል አይሆኑም። አራት ማዕዘን የሆነ ቦታ ሁሉ ውስጡ በአንድ ቱቦ በዲያጎናል ካልተያዘ ሲወድቅ ይንጋደዳል።

አንዱ ቱቦ ሌላውን የሚነካበት ጫፍ በክብ ሞረድ እንደ ጨረቃ ጎድጎድ ተደርጎ ይሞረዳል። ስልቹ ሰው እዚህ ጋ ነው ሥራውን የሚያበላሸው። በብር ቅይጥ የሚደረግ ማያያዝ ክፍተቱ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ ሲሆን ቅይጡ ራሱ ተስቦ ይገባል። ክፍተቱ ከሰፋ ግን እንደ ውሃ ይፈስሳል እንጂ አይሞላውም። የብር ቅይጡ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይፈልጋል። የሬዲዮ ጠጋኝ የሚጠቀምበት ሊድ 200 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ሲይዝ ያምራል፣ መኪናው አንዴ ከድንጋይ ሲወድቅ ይለቃል። ተራው የኤሌክትሮድ ብየዳ ደግሞ 0.7 ሚሊሜትር ግድግዳ ይበሳል። ቲግ የተባለው፣ በጋዝ ተከልሎ ቀጭን ብረት የሚበይደው ማሽን ያለው፣ እጁም የለመደ፣ በእሱ ይሥራ።

ሁሉም መገጣጠሚያ መጀመሪያ በነጥብ ይያዛል፤ ሙሉው በኋላ ነው። አንዱ ሲሞቅ ጎረቤቱ እንዳይለቅ እርጥብ ጨርቅ ይጠመጠምበታል። አንድ ነገር በቀልድ አይታለፍም፦ ዚንክ የተቀባ ብረት ሲሞቅ የሚያወጣው ጭስ ያሳምማል። የፍሬን ቱቦም ብዙ ጊዜ ልባስ አለው። ስለዚህ መጀመሪያ ልባሱ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ በር ይከፈታል። ካድሚየም ያለበት የብር ቅይጥም አይገዛም፤ ጭሱ መርዝ ነው።

በነጥብ እንደተያዘ ሙከራ ይደረጋል። አንዱ የፊት ጎማ ድንጋይ ላይ ይወጣል፤ ሌላው ጎማ ከመሬት እስኪነሳ ድረስ ከፍ ይደረጋል። በዚያ ሁኔታ መሪው እስከ ጫፍ ይዞራል። ጎማው ቱቦ ከነካ፣ አሞርዛተሩ ከተጣበቀ፣ የካርዳኑ ዘንግ ከተነቀለ፣ አሁን ነው የሚቆረጠው። ሰርቮው፣ ማለትም መሪውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር፣ አክስሉ ላይ ሳይሆን ሻንሲው ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ፊት ለፊት አክስሉን ወደ ጎን የሚይዝ ተጨማሪ አግዳሚ ዘንግ ይፈልጋል። አለዚያ ሞላው በተጫነ ቁጥር መሪው ራሱን ያዞራል።

ኤሌክትሪኩ ብዙ ወሬ አያስፈልገውም። ቀስ ብሎ የሚዞር ብሩሽ ያለው ሞተር፣ ጋዝ ሲለቀቅ መኪናውን ዳገት ላይ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መቆጣጠሪያ፣ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ይበቃል።

ቀለሙን ብዙዎች ይቸኩሉበታል። ቢቆይ ይሻላል። ጥቂት ቀን ባዶውን ብረት ድንጋይ ላይ ቢነዱት የተሰነጠቀ መገጣጠሚያ ወዲያው ይታያል። ከተቀባ በኋላ ከሆነ ግን ከመጠገኑ በፊት ቀለሙን መፋቅ ግድ ነው።