በምሽት ፎቶ ላይ የምትታየው አረንጓዴ ነጥብ፦ ፍሌርና ጎስት እንዴት ይለያያሉ?

የመንገድ መብራት በስልክ ስናነሳ በፎቶው ላይ የምትታየው አረንጓዴ ነጥብ ብዙ ጊዜ እንደ ካሜራ ብልሽት ትቆጠራለች፤ ነገር ግን ጎስት የሚባለው የሌንስ ነጸብራቅ ናት። ፍሌርና ጎስት መነሻቸው ቢቀራረብም መምታታት የለባቸውም፦ ፍሌር የተበተነ ብርሃን ምስሉን አደብዝዞ ጥቁሩን ግራጫ የሚያስመስልበት ሲሆን፣ ጎስት ግን የራሱ ቅርጽ ያለው ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ የምስሉን መሃል ተሻግሮ ከመብራቱ ትይዩ ይቀመጣል።

ሽፋን የሌለው መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ላይ ካረፈው ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። በሌንሶቹ ገጾች መካከል ሁለት ጊዜ ተንጸባርቆ ጎስቱን የሚፈጥረው ብርሃን 0.16 በመቶ ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ መብራቱ ከጨለማው ዳራ እጅግ ስለሚደምቅ ያ ጥቂት ብርሃን በግልጽ ይታያል፤ በርካታ ሌንሶች በጥቂት ሚሊሜትር ውስጥ በተደረደሩበት ስልክ ላይ ደግሞ አንጸባራቂ ገጾቹ ይበዛሉ። ስለዚህ አምራቾች ውፍረቱ በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን የሞገድ ርዝመት ሩብ የሚያህል ስስ ሽፋን ሌንሱን ያለብሱታል፤ ከሽፋኑ ላይኛውና ታችኛው ገጽ የሚመለሱት ሞገዶችም እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ሽፋኑ ነጸብራቁን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም።

ሌንሱ ላይ ያረፈውን የጣት ቅባት መጥረግ በእጅጉ የሚጠቅመው ለፍሌር ነው፤ ለጎስት ግን መብራቱን ከፎቶው ክልል ማውጣት ወይም የአነሳሱን አቅጣጫ ጥቂት መቀየር ይሻላል።